«ሆርሞንህ አንሷል ተባልኩ»፦ ስለ ቴስቶስትሮን የአንባቢያን ጥያቄዎች

ለጤና ዓምዳችን ከሚላኩት ጥያቄዎች መካከል ስለ ቴስቶስትሮን (በተለምዶ የወንድነት ሆርሞን ስለሚባለው) የሚነሱት እየበዙ ስለመጡ የዚህን እትም ገጾች ለእነሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ድካም አይለየኝም፤ ቢሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል። ክብደቴ 98 ኪሎ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደም ሰጠሁና «ቴስቶስትሮንህ 2.6 ነው፤ ዝቅተኛ ነው» ተብዬ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ። የወሲብ ፍላጎቴ ያን ያህል አልቀነሰም። ባለቤቴ ግን «ማንኮራፋትህ አላስተኛ አለኝ» ትላለች። መርፌውን ልጀምር?

መልስ፦ ገና አይጀምሩ። በእጅዎ ያለው ውጤት መርፌ ለማዘዝ አይበቃም።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ቴስቶስትሮን ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳለን እየጨመረ ሄዶ ጠዋት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ይሄዳል። በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ባለ ወንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተወሰደ ደም ከጠዋቱ 2 ሰዓቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። ምሳ በልተው፣ በተለይም ስኳር ያለው ነገር ጠጥተው ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ምርመራው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሌሊቱን በደንብ ተኝተው ይደገም። ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ካለብዎ እስኪሻልዎ ይቆዩ፤ የታመመ ሰውነት ሆርሞኑን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ደግሞ ደሙን መስጠት ያለበት ከዋናው እንቅልፉ እንደነቃ ነው።

ቀጥሎ «2.6 ምን?» ብለው ይጠይቁ። ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት መለኪያ አይጠቀሙም። 2.6 ናኖግራም በሚሊሊትር ማለት 260 ናኖግራም በዴሲሊትር ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ 9 ናኖሞል በሊትር ይሆናል። (በዴሲሊትር የተጻፈውን በ28.8 ቢያካፍሉ ናኖሞሉን ያገኛሉ።) ውፍረት የሌላቸው ከ19 እስከ 39 ዓመት የሆኑ ወንዶች መደበኛ ልክ በዴሲሊትር ከ264 እስከ 916 ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንዶች መራቢያ አካል ሕክምና) ማኅበር «ዝቅተኛ» የሚለው ከ300 በታች ሲሆን ነው፤ እሱም በሁለት የተለያዩ ቀናት ጠዋት ተለክቶ፣ ምልክትም ሲኖር ነው። የእርስዎ ደም ጠዋት ቢወሰድ ኖሮ ከ300 ሊያልፍ ይችል ነበር።

ክብደትም ሒሳቡን ያዛባዋል። ከጠቅላላው ቴስቶስትሮን ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዘዋወረው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ከፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። ከእነዚህ ውስጥ ሆርሞኑን አጥብቆ የሚይዘው ተሸካሚ ፕሮቲን ቦርጭ ባለው ሰው ይቀንሳል። ያኔ ጠቅላላው ቁጥር አንሶ ሲታይ ነጻው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ሐኪምዎ ተሸካሚውን ፕሮቲንና አልቡሚንን አስለክቶ ነጻውን በስሌት ያውጣልዎ። አንዳንድ ቦታ «ነጻ ቴስቶስትሮን» ተብሎ በቀጥታ የሚሠራው ርካሽ ምርመራ ግን አያስተማምንም።

ሁለተኛውም ውጤት ካነሰ ጥያቄው «ለምን አነሰ?» ይሆናል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ በኤልኤችና በኤፍኤስኤች ሆርሞኖች የዘር ፍሬን ታዛለች። እነዚህ ከፍ ካሉ ችግሩ ያለው ፍሬው ላይ ነው፤ በልጅነት የጆሮ ደግፍ ወደ ፍሬ ወርዶ ከሆነ፣ ጉዳት ከደረሰ፣ ወይም አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ የተወለደ ሰው ከሆነ ማለት ነው። ዝቅ ካሉ ወይም መሃል ላይ ከሆኑ ግን ችግሩ ወደ ላይ ነው፤ ያኔ ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) እና የብረት ክምችት ይታያሉ። ራስ ምታት ካለ፣ የጎንና የጎን እይታ ከጠበበ ወይም ቁጥሩ ከ150 በታች ከወረደ ፒቱታሪዋ በኤምአርአይ ትታያለች። መርፌው አስቀድሞ ከተጀመረ ኤልኤችም ኤፍኤስኤችም ይጠፋሉና ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ድካም የሁሉም በሽታ ምልክት ነው። ወደ ቴስቶስትሮን የሚጠቁሙት ፍላጎት መቀነስ፣ ጠዋት ሲነቁ የነበረው መቆም መቅረትና በግንኙነት ጊዜ መላላት ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ ይህን አላነሱም። ማንኮራፋት፣ ቀን ቀን የሚጥል እንቅልፍና 98 ኪሎ አንድ ላይ ሲመጡ በቅድሚያ የሚያስጠረጥሩት በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን ነው። እሱ ሆርሞኑን ይቀንሳል፤ ሳይታከም የሚጀመር መርፌ ደግሞ ትንፋሹን ሊያባብሰው ይችላል። ባለቤትዎ ሌሊት ትንፋሽዎ ቆሞ «ክህ» ብለው የሚነሱበት ጊዜ እንዳለ ይመልከቱ። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የታይሮይድና የደም ሴል ቆጠራም ይጨመር። ከክብደትዎ 10 ኪሎ ያህል ቢወርድ ሆርሞኑ ያለመርፌ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

ምርመራውን የሚሸጠውና መርፌውን የሚሸጠው አንድ ቤት ሲሆን ሁለተኛ ሐኪም ማማከር አይከፋም።

ጥያቄ፦ 39 ዓመቴ ነው፤ ከጎንደር። ስንፈተ ወሲብ ካጋጠመኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በቴሌግራም «ቴስቶስትሮን የሚጨምር፣ 100% ተፈጥሯዊ» የሚል ዱቄት ይሸጣል። አብሽም ይረዳል ይላሉ። ሌላ መድኃኒት አልወስድም፤ ለወገቤ ሕመም ብቻ ትራማዶል ከዓመት በላይ እየወሰድኩ ነው።

መልስ፦ «ብቻ» ያሉት ነገር ዋናው ሊሆን ይችላል። ትራማዶል፣ ሞርፊንና የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ለወራት ሲወሰዱ አንጎል ለፒቱታሪ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያዳክማሉ፤ ቴስቶስትሮንም አብሮ ይወርዳል። ይሁንና በአንድ ጊዜ አይቁረጡት፤ በድንገት ማቆም ከባድ የማቋረጥ ሕመም ያመጣል። ሐኪምዎ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስወጣዎታል፤ ለወገቡም ሌላ መላ ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ የጠዋት ምርመራ ይደረግ።

መቆም አለመቻል ግን አብዛኛውን ጊዜ የደም ሥር ጉዳይ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ጠባቦቹን ደም ሥሮች ቀድመው ይጎዳሉ፤ የልብ ሕመም ሳይታይ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ስንፈት የሚመጣውም ለዚህ ነው። በ39 ዓመት እነዚህን ሳይመረመሩ ዱቄት መግዛት ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ መጣል ነው።

«ተፈጥሯዊ» ስለተባለው፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእንዲህ ያሉ ምርቶች ውስጥ ሳይጻፍ የተቀላቀለ ሲልደናፊል (ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት) ደጋግሞ አግኝቷል። «ሠራልኝ» የሚሉት የሚሠራላቸው እሱ ነው። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የናይትሬት የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ቢውጥ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። አብሽን በተመለከተ በተጨመቀ ካፕሱል የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው እርስ በርሱ አይስማማም። እንደ ምግብ ይብሉት፤ እንደ ሕክምና አይቁጠሩት። የስኳር መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስዱ ግን በብዛት ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፤ አዳማ ጂም እሠራለሁ። አንድ ጓደኛዬ ሱስታኖን 250 (የቴስቶስትሮን መርፌ) በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሦስት ወር ውጋ፣ ከዚያ አቁም፣ ምንም አይፈጠርም አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሒሳቡን ራስህ ሥራው። ጤናማ የዘር ፍሬ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ይሠራል፤ በሳምንት 50 አይሞላም። ጓደኛህ ያለህ 500 ነው። ለታመመ ሰው ሱስታኖን ሲታዘዝ እንኳ በአብዛኛው 250 ሚሊግራሙ አንድ አምፑል በየሦስት ሳምንቱ ነው።

ሰውነትህ ይህን ሲያይ የራሱን ፋብሪካ ይዘጋል። ፍሬህ ይሟሽሻል፤ የዘር ህዋስ መሠራት ያቆማል። የተረፈው ቴስቶስትሮን ከፊሉ ወደ ኢስትሮጅን ስለሚቀየር ከጡት ጫፍ ሥር የሚያሳክክ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት ይወጣል። ያ እብጠት ከጠነከረ በኋላ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይጠፋም። ጥሩው ኮሌስትሮል ይወድቃል፤ ደም ይወፍራል፤ የልብ ጡንቻም ይደነድናል። ስታቆም ደግሞ ፋብሪካው ወዲያው አይነሳም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ባዶ ትሆናለህ። ብዙ ወጣት ድብርት ውስጥ የሚገባውና «ድጋሚ ልውጋ» የሚለው በዚህ ክፍተት ነው። «ምንም አይፈጠርም» ያለህ ይህን ክፍል ዘሎታል።

ሌላም ጣጣ አለ። እውነተኛው ሱስታኖን በለውዝ ዘይት ነው የሚቀመመው፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ሊወጋው አይገባም። በጂም እጅ በእጅ የሚዞረው ጠርሙስ ውስጥ ግን ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም። አንድ ጠርሙስ እየተቀባበሉ መውጋት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን መጋበዝ ነው።

በ22 ዓመትህ የራስህ ሆርሞን በቂ ነው። በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ክሬቲን፣ 8 ሰዓት እንቅልፍና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚጨምር ክብደት፤ ከዚህ ውጪ ገንዘብህን አታባክን።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እዚህ አንድ የወንዶች ጤና ክሊኒክ በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ሳይፒዮኔት ከጀመረልኝ 14 ወር ሆነው። ጉልበቴ ጨምሯል። አሁን ከባለቤቴ ጋር ልጅ ፈልገን የዘር ፈሳሼ ሲመረመር ዜሮ ተባልኩ። ቴስቶስትሮን የወንድነት ሆርሞን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው፤ ግን የዘር ህዋስ ለመሥራት ሆርሞኑ የሚያስፈልገው ፍሬው ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው ክምችት በደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። መርፌው ደሙን ሲሞላው ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች፤ የፍሬው ውስጥ ክምችት ይደርቃል፤ ዘሩም አብሮ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስትሮን በየሳምንቱ በመውጋት እንደ ወንዶች የእርግዝና መከላከያ ሊያገለግል እንደሚችል ያስጠናው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ይህ መርፌ መታዘዝ አልነበረበትም፤ ከመጀመሩ በፊት «ልጅ ታስባለህ?» ተብለው መጠየቅ ነበረብዎ።

ተስፋው ግን ትልቅ ነው። በእርግዝና መከላከያ ጥናቶች ላይ የነበሩ ጤናማ ወንዶች ካቆሙ በኋላ የዘር ቁጥራቸው በሚሊሊትር ወደ 20 ሚሊዮን የተመለሰው በ6 ወር ውስጥ ሁለት ሦስተኛዎቹ፣ በዓመት ውስጥ 90 በመቶዎቹ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ናቸው። ከመርፌው በፊት የነበረው ቁጥር ዝቅተኛ ከነበረ ግን ሊዘገይ ይችላል።

አሁን የሚፈልጉት በወንዶች መካንነት ላይ የሠለጠነ ዩሮሎጂስት ነው። መርፌውን አስቁሞ ፍሬውን በቀጥታ የሚያነቃ የኤችሲጂ መርፌ ወይም ፒቱታሪን የሚቀሰቅስ ክሎሚፊን ሊሰጥዎ ይችላል፤ እነዚህ ያቆሙበትን ወቅት ባዶነትም ያቀሉታል። አንድ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከሦስት ወር በፊት መልሶ መመርመር ትርፉ ጭንቀት ነው። ባለቤትዎም ጎን ለጎን ትመርመር፤ ዕድሜዋ ከ35 ካለፈ በተለይ ጊዜ አይባክን። ዘር ሲታይ ጥቂቱን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። መርፌው መጀመሪያ የታዘዘበት ምርመራ በምን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደተሠራም ወረቀቱን አስወጥተው ይዩት። ምናልባት ከመጀመሪያውም አያስፈልግዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ድሬዳዋ። አገጬ ላይ ፀጉር ይወጣል፤ የወር አበባዬ በሁለት ወር፣ በሦስት ወር ነው የሚመጣው። ስመረመር ቴስቶስትሮን 88 ናኖግራም በዴሲሊትር ሆነ። ሴት ቴስቶስትሮን አላት እንዴ? የራስ ፀጉሬ ስለሚረግፍ የፀጉር ቫይታሚን እወስዳለሁ።

መልስ፦ አላት፤ ከእንቁላል ማምረቻና ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ ይመነጫል። ለአጥንት፣ ለጡንቻና ለፍላጎት ይጠቅማል። የሴት መደበኛው ከ15 እስከ 70 ገደማ ነው፤ የእርስዎ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ግን ቫይታሚኑን ቆም ብለን እንየው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ክኒን ውስጥ ባዮቲን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ይኖራል። በርካታ የላቦራቶሪ ማሽኖች ደግሞ ለመለኪያ የሚጠቀሙት ራሱን ባዮቲንን ነው። ደምዎ ውስጥ ሲበዛ ማሽኑን ያሳስትና ቴስቶስትሮንን ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ የታይሮይድ ውጤትንም ያበላሻል። ቢያንስ ለ3 ቀን አቁመው ይመርመሩ፤ ደም ለሚወስድልዎም ይንገሩ።

ያለ ባዮቲንም ከፍ ካለ፣ ከወር አበባው መራራቅና ከፀጉሩ ጋር ሲገጣጠም አስቀድሞ የሚታሰበው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ነው፤ ከአሥር ሴቶች በአንዷ ገደማ የሚገኝ ችግር ነው። ይህን ከማለት በፊት እርግዝና፣ ፕሮላክቲን፣ ታይሮይድና 17 ሃይድሮክሲ ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን ይታያሉ። የስኳር ምርመራ አይቀርም፤ በዚህ ችግር ኢንሱሊን በደንብ ስለማይሠራ ስኳር ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ሳይመጣ ሲቆይ የማሕፀን ግድግዳ ስለሚወፍር ዝም አይባልም።

ልጅ ለጊዜው ካላሰቡ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ወሩን ያስተካክላል፤ የሆርሞኑንም ጉልበት ይቀንሳል። ስፒሮኖላክቶን የፀጉሩን እድገት ይገታል፤ ነገር ግን ወንድ ፅንስን ስለሚጎዳ ያለ አስተማማኝ መከላከያ አይወሰድም። ፀጉር በዝግታ ነው የሚለወጠው፤ ስድስት ወር ሳይሞላ «አልሠራም» ብለው አይተዉት። ልጅ ሲፈልጉ ደግሞ ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት እንቁላል እንዲወጣ ይረዳል፤ «መካን ነሽ» የሚልዎትን አይስሙ።

ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከፈላ ወይም ቁጥሩ ከ150 ካለፈ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ሆርሞን የሚያመርት እባጭ (ቱመር) መኖር አለመኖሩ በምስል መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ በቆጂ ወጣት ሯጮችን አሠለጥናለሁ። አንዱ 20 ዓመቱ፣ 58 ኪሎ፣ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከዓቢይ ጾም ጀምሮ የሩጫ ሰዓቱ ተበላሽቷል፤ አጥንቱ ሁለቴ ተሰንጥቋል፤ እንቅልፍ የለውም። ጠዋት ተመርምሮ ቴስቶስትሮኑ 240 ሆነ። ጾሙ ነው? መርፌ ይረዳዋል?

መልስ፦ መርፌውን ከአእምሮዎ ያውጡት። ቴስቶስትሮን በውድድር ወቅትም ከውድድር ውጪም የተከለከለ ነው። የሽንት ምርመራው ከኤፒቴስቶስትሮን (ሰውነት ራሱ ከሚሠራው የቴስቶስትሮን ዘመድ) ጋር ያለውን ጥምርታ ያያል፤ ከ4 ለ1 ካለፈ ደግሞ ከውጭ የመጣ መሆኑን የሚለይ የካርቦን ምርመራ ይከተላል። ልጁን ለዓመታት ያሳግዱታል።

የልጁ ችግር ሥጋና ቅቤ ማጣቱ አይደለም፤ ጉልበት ማጣቱ ነው። ከሚያቃጥለው ያነሰ የሚበላ ሰውነት ለመኖር የማያስፈልገውን ክፍል ያጠፋል፤ የመራቢያ ሆርሞን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አጥንቱም በዚያው ይሳሳል። ሴት ሯጭ ላይ ይኸው ነገር የሚታየው በወር አበባ መቅረት ነው።

በቁጥር ላሳይዎ። በቀን 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ በኪሎ ሜትር በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይቃጠላል፤ 23 በ58 ሲባዛ ወደ 1,330 ይሆናል። ከስብ ውጪ ያለው ክብደቱ 53 ኪሎ ቢሆን፣ ከሩጫው ሌላ በየኪሎው 45 ኪሎ ካሎሪ ማግኘት አለበት፤ እሱም 2,385 ነው። ድምሩ በቀን ከ3,700 ይበልጣል። በየኪሎው ከ30 በታች ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው አሁን ያዩት ዓይነት ውድቀት የሚመጣው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሮጦ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ልጅ ይህን በአንድ እንጀራ በሽሮ አይሞላውም።

ጉድለቱን ግን ከጾም ሳይወጣም ሊሞላው ይችላል። 100 ግራም ለውዝ 570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። በሶ በዘይትና በስኳር፣ የተልባና የሰሊጥ ፍትፍት፣ ምስርና ባቄላ በብዛት፣ ከልምምድ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚጠጣ ነገር። የጾሙን ሰዓት ማሳጠር የግድ ከሆነ ልጁ ታሟልና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ጾሙ ይቀልለታል። የፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና የቫይታሚን ዲ ምርመራም ይጨመር። አጥንቱ እስኪድን ሩጫው ይቁም፤ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ በግማሽ ተጀምሮ ቀስ ብሎ ይውጣ። ሆርሞኑ እስኪስተካከል ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመት ሆኖታል፤ ድምፁ አልተለወጠም፤ እኩዮቹ በቁመት ጥለውት ሄደዋል። በጣም ተጨንቄያለሁ። (ከደሴ፣ እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ አባቱ ወይም አጎቶቹ ዘግይተው ነበር ያደጉት? ብዙውን ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው፤ ልጁም በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ቢሆንም አንድ ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሞልቶት የዘር ፍሬው 4 ሚሊሊትር ካልደረሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ፍሬው በዶቃ መለኪያ ይለካል፤ የግራ እጁ አንጓ በኤክስሬይ ይነሳና የአጥንቱ ዕድሜ ይታያል፤ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና የጠዋት ቴስቶስትሮን ይሠራል። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይፈትኑ፦ ቡና ሲቆላ ይሸተዋል? ከልጅነቱ ጀምሮ ማሽተት የማይችል ከሆነ ለሐኪሙ መንገር አይርሱ፤ ዘግይቶ መጎልመስን ከሽታ ማጣት ጋር የሚያያይዝ አብሮ የሚወለድ ችግር አለ።

በጣም ከተጨነቀ በወር 50 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ከ3 እስከ 6 ወር ተሰጥቶ ሰውነቱ እንዲነሳሳ ይደረጋል። ከዚህ በላይ መስጠት የአጥንቱን ማደጊያ ቶሎ ስለሚዘጋው ልጁን አጭር አድርጎ ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው፤ እስራኤል ናታኒያ ነው የምኖረው። ከአምስት ዓመት በፊት ልቤ ላይ ስቴንት ገብቶልኛል። ሁለት ጊዜ ጠዋት ተመርምሬ ከ230 በታች ሆነ፤ ፍላጎትም የለኝም። ሐኪሜ ትከሻ ላይ የሚቀባ ጄል አዘዘልኝ። ልቤን ይጎዳዋል? የ3 ዓመት የልጅ ልጄ ደግሞ ከእኔ ጋር ናት የምትውለው።

መልስ፦ አባታችን፣ ምርመራዎ በአግባቡ ተሠርቷል። ልብን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት ከ5,200 በላይ ቴስቶስትሮናቸው ያነሰ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም ለእሱ የተጋለጡ ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። ጄሉ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን መድኃኒት ከሌለው ባዶ ጄል በላይ አላበዛም። የልብ ምት መዛባት፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትና የአጥንት ስብራት ግን በጄሉ ወገን በርከት ብለው ታይተዋል። ምትዎ ከዚህ በፊት ተዛብቶ ወይም ደም ረግቶብዎ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

ከመጀመርዎ በፊት ፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ይሠራ፤ ከ4 ካለፈ (አፍሪካዊ ለሆነ ሰው ከ3) ዩሮሎጂስት ሳያይዎት አይጀመርም። ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ) ከ48 በመቶ በላይ ከሆነም ይቆያል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ለሚኖሩ አንባቢዎች ልኩ 50 ነው። በሕክምናው ላይ ሳሉ 54 ካለፈ ጄሉ ይቆማል። የደም ምርመራው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ፍላጎትዎ በመጠኑ ሊሻሻል ይችላል፤ የማስታወስ ችሎታዎን ግን ያሻሽለዋል ብለው አይጠብቁ።

የልጅቷ ጉዳይ ከባድ ነው። ጄሉ በንክኪ ወደ ሕፃን ሲተላለፍ ያለዕድሜ ፀጉር ማብቀል፣ የብልት መተለቅና የአጥንት መቸኮል አምጥቷል፤ የአሜሪካው መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈበት ለዚህ ነው። ጠዋት ልጅቷ ሳትመጣ ይቀቡ። እጅዎን ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ፤ ትከሻዎ ሲደርቅ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ልጅቷን ትከሻዎ ላይ የሚያስተኙ ከሆነ አስቀድመው ቦታውን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ከተቀቡ በኋላ ግን ቢያንስ ለ2 ሰዓት ውሃ አይንኩት፤ የሚቆዩበትን ሰዓት ከመድኃኒቱ ወረቀት ያረጋግጡ። የተቀቡበት ካናቴራና ፎጣ ለብቻው ይታጠብ። በድንገት ከነካችዎ ቆዳዋን በሳሙና ማጠብ ይበቃል። ይህን ሁሉ መጠበቅ የሚያስቸግር ከሆነ ሐኪምዎን ወደ መርፌ ይቀይርልዎ ዘንድ ይጠይቁት፤ በየ12 ሳምንቱ የሚወጋም አለ።